ልዩ ሰው ፍለጋ፦ ተማሪዎች ስለ ጅምላ ፍረጃ ዘጋቢ ፊልም ሲሠሩ

ተማሪዎች በወጣቶች ዘንድ ስላለው ጅምላ ፍረጃ ዘጋቢ ፊልም እንሥራ ብለው ሲነሡ የመጀመሪያው ዕቅዳቸው ብዙውን ጊዜ ተመሳሳይ መልክ ይይዛል። ቁጭ ብለው ፍረጃዎቹን ይዘረዝራሉ፦ ስፖርት የሚወድ ልጅ ትምህርት አይዘልቀውም፣ ዝምተኛዋ ኩሩ ናት፣ ባለ መነጽሩ ከመጽሐፍ ሌላ ዓለም የለውም፣ ሴት ልጅና ሒሳብ አይስማሙም፣ ወንድ ልጅ አያለቅስም፣ የሀብታም ልጅ ችግር አያውቅም፣ ንቅሳት ያለው ሁሉ ዱርዬ ነው። ቀጥሎ ለእያንዳንዱ ፍረጃ ውድቅ የሚያደርገው አንድ ሰው ይፈለጋል፤ ከክፍሉ አንደኛ የሚወጣ ኳስ ተጫዋች፣ በሒሳብ ውድድር ያሸነፈች ልጅ፣ አረጋውያንን የሚንከባከብ ባለ ንቅሳት ወጣት። እነዚህ ሰዎች ካሜራ ፊት ተቀምጠው «ሰው እንዲህ ይልሃል፣ አንተ ግን እንዲህ ነህ፤ ምን ይሰማሃል?» ተብለው ይጠየቃሉ። በመጨረሻም ለስለስ ያለ ሙዚቃ ይገባና ሰውን በውጫዊ ገጽታው አትፍረዱ የሚል ጽሑፍ ይወጣል።

ለወጣቶች ፊልም ሥራ በማስተምርባቸው ዓመታት ይህን የመሰለ ዕቅድ ይዘው ከመጡ ተማሪዎች ጋር ደጋግሜ ተቀምጫለሁ። ቅንነታቸው አያጠራጥርም። ብዙዎቹ ራሳቸው ሳይፈልጉት ስም ወጥቶላቸው ያደጉ በመሆናቸው ጉዳዩን የሚያውቁት ከመጽሐፍ አይደለም፤ ካሜራ ሲያነሡም የሚናገሩት ነገር ስላላቸው ነው። ሆኖም ይህ አሠራር ሊያፈርሰው የተነሣውን ፍረጃ ሳይነካው እንደሚያልፍ፣ አንዳንዴም ይባስ ብሎ እንደሚያጠናክረው አምናለሁ። የሚያሳስበኝም ለዚህ ነው፤ በዚህ ርእስ ላይ ከሚሠሩ ሰዎች ሁሉ ለነገሩ ቅርብ የሆኑት ወጣቶቹ ራሳቸው ሆነው ሳለ፣ ጉልበታቸው ሁሉ ልዩ የሆነውን ሰው በመፈለግ ያልቃል።

ጎርደን ኦልፖርት የተባለው አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1954 ስለ ጭፍን ጥላቻ ባሳተመው መጽሐፍ (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ነገሩን ቁልጭ አድርጎ አስቀምጦታል። ሰው ስለ አንድ ቡድን ከያዘው እምነት ጋር የማይሄድ ማስረጃ ሲገጥመው እምነቱን አይጥልም፤ ለዚያ ለአንዱ ሰው ብቻ በሩን ከፍቶ ያሳልፈውና አጥሩን መልሶ ያጥራል። «እሱ እንኳ የተለየ ነው» የሚለው አነጋገር የዚህ አጥር ድምፅ ነው። አንደኛ የሚወጣውን ኳስ ተጫዋች ያየ ተመልካች ስለ ልጁ ያለው ግምት ይለወጥ ይሆናል፤ ስለ ኳስ ተጫዋቾች ያለው ግምት ግን በቦታው ይቆያል። እንዲያውም ፊልሙ ራሱ ልጁን በማድነቁ፣ ከኳስ ተጫዋች ይህ አይጠበቅም ነበር የሚለውን ሐሳብ በተዘዋዋሪ አጽድቆለታል። ደግሞስ አንደኛ የማይወጣው፣ እንደ ብዙ ሰው መካከለኛ ውጤት ያለው ኳስ ተጫዋች ምን ይሁን? እርሱ በዚህ ዓይነቱ ፊልም ውስጥ ጠበቃ የለውም።

ይህን በሐሳብ ደረጃ ማስረዳት ከባድ አይደለም። ተማሪዎች በእርግጥ የሚረዱት ግን ሥራው ላይ ሲደርሱ ነው። አንድ ቡድን ዝምተኛና ኩሩ ናት እየተባለች የምትታማ ተማሪን ቃለ መጠይቅ ሲያደርግ አብሬያቸው ነበርኩ። ልጅቷ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጣ የሸሚዟን እጅጌ እየጎተተች ለጥያቄዎቹ ባጭር ባጭሩ ስትመልስ ከቆየች በኋላ፣ አንድ ጆሮዋ በደንብ እንደማይሰማ፣ በዚያ በኩል የጠራትን ሰው ሳትሰማ ስለምታልፍ ሰዎች ንቃን ሄደች እንደሚሏት ተናገረች። ከካሜራው ኋላ የነበሩት ተማሪዎች ተያዩ። የፊልሙን ልብ ያገኙ መሰላቸው፤ ምን ይፈረድባቸዋል፣ ማንም ፊልም ሠሪ በዚያች ቅጽበት ልቡ ይመታል።

ቀረጻውን ለማየት በተቀመጥን ጊዜ ግን ድምፅ ይቀርጽ የነበረው ልጅ የጆሮ ማዳመጫውን አውልቆ «ጆሮዋ ደህና ቢሆን ኖሮ ሐሜቱ ልክ ሊሆን ነው?» ብሎ ጠየቀ። ለጊዜው የመለሰለት አልነበረም። ጥያቄው ትክክለኛ ነበር። ፊልሙ የጆሮዋን ነገር እንደ ማስተባበያ ካቀረበው፣ ዝም የሚል ሰው ሁሉ ለዝምታው ሕጋዊ ምክንያት ማቅረብ አለበት፣ ምክንያት ያላቀረበው ግን እንደተባለው ኩሩ ነው ማለት ይሆናል። ተማሪዎቹ ተመልሰው ልጅቷን አማከሯት። እርሷም ሁለቱም ጆሮዋ ቢሰማ ኖሮ እንኳ ብዙ የማውራት ፍላጎት እንደማይኖራት፣ ጆሮዋ የማንም መልስ እንዲሆን እንደማትፈልግ ነገረቻቸው። ስለዚህ ያ ክፍል ወጣ። በምትኩ ለትምህርት ቤቱ ቴአትር የመድረክ መጋረጃ ስትሥል ተከትለው ቀረጿት። በሰማያዊ የጠመኔ ዱቄት የታሸ ክር ከዳር እስከ ዳር ወጥራ፣ መካከሉን በሁለት ጣቶቿ ሳብ አድርጋ ስትለቀው ጨርቁ ላይ ቀጥ ያለ መስመር ይወጣል፤ እርሷም ጎንበስ ብላ አቧራውን እፍ ትላለች። በዚያ ትዕይንት ውስጥ ስለ ኩራትም ሆነ ስለ ዝምታ የሚናገር ማንም የለም፤ ተመልካቹ ሥራዋን የምታውቅ አንዲት ልጅ ለረጅም ደቂቃ ያያል። በእኔ እምነት የፊልሙ ጠንካራ ክፍል ይህ ነበር።

ከዚህ ጋር የተያያዘ፣ ትንሽ የሚመስል ነገር ግን ብዙ ያከራከረን ጉዳይ ነበረ፤ ሰው ሲናገር በማያ ገጹ ግርጌ ከስሙ ሥር የሚጻፈው። በዜና ፊልም «ሐኪም» ወይም «የሕግ ባለሙያ» ተብሎ ይጻፋል፣ ያም የሚናገረውን ነገር ከየት እንደሚያውቀው ይገልጻል። ከአንድ የ16 ዓመት ልጅ ስም ሥር ምን ይጻፋል? «ስፖርተኛ» ብሎ መጻፍ ፊልሙ የሚቃወመውን ነገር በራሱ እጅ ማተም ነው። ቡድኑ መጨረሻ ላይ ስም ብቻ እንዲጻፍ ወሰነ። ውሳኔው ግን ሌላ ግዴታ አመጣ፤ ተመልካቹ ሰውየው ማን እንደሆነ ከመለያው ካልተረዳ፣ ከሚናገረውና ከሚሠራው እንዲረዳው በቂ ጊዜ ሊሰጠው ይገባል። በዚህም ምክንያት ሊካተቱ ከታሰቡት ሰዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ቀሩ። ለተማሪዎቹ ይህ ከባድ ነበር፤ ብዙ ሰው ማሳየት ሚዛናዊነት ይመስላቸዋልና። ነገር ግን አንድን ወጣት ለሃያ ሰከንድ ማሳየት እንደ ናሙና ማሳየት ነው። በሃያ ሰከንድ ውስጥ ማንም ቢሆን ከአንድ ጠባይ በላይ ሊኖረው አይችልም።

አሜሪካዊው ጋዜጠኛ ዋልተር ሊፕማን በ1922 የሕዝብ አስተያየት እንዴት እንደሚፈጠር በጻፈበት መጽሐፉ፣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ካየ በኋላ እንደማይበይን፣ ይልቁንም አስቀድሞ በይኖ እንደሚያይ አስረድቷል። ይህን ሐሳብ ለተማሪዎች ሳቀርብ የምጠይቃቸው አንድ ነገር አለ፤ እንግዲያው ካሜራችሁን ማዞር ያለባችሁ ወደ ማን ነው? ፍረጃ የሚኖረው በሚፈርጀው ሰው ዓይን ውስጥ ከሆነ፣ የተፈረጀውን ሰው እየደጋገሙ ማስጠየቅ አድራሻውን መሳት ነው። ከዚህም በላይ የተፈረጀው ሰው አንድ ጊዜ በሕይወቱ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ በፊልሙ ውስጥ ስለማያምንበት ስም መልስ እንዲሰጥ ይገደዳል። ፈራጁ ግን አንዴም አልተጠየቀም።

ከወጣቶች ሥራ መካከል ይህን አቅጣጫ አስቀድማ የያዘች አንዲት ተማሪ አለች። ኪሪ ዴቪስ በ2005 በኒው ዮርክ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሳለች ስለ ጥቁር ልጃገረዶችና ስለ ውበት መለኪያ የ7 ደቂቃ ዘጋቢ ፊልም ሠርታለች። ፊልሙ ውስጥ ኬኔት እና ማሚ ክላርክ የተባሉት ባልና ሚስት የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች በ1940ዎቹ ያካሄዱትን ጥናት ደገመችው። የክላርኮች ጥናት ለጥቁር ሕፃናት ነጭና ጥቁር አሻንጉሊት አቅርቦ የቱ ጥሩ፣ የቱ መጥፎ እንደሆነ የሚጠይቅ ሲሆን፣ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1954 የትምህርት ቤቶችን የዘር ልዩነት ሕገ ወጥ ባደረገበት ውሳኔ ከተጠቀሱት ጥናቶች አንዱ ነበር። ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ ዴቪስ ከጠየቀቻቸው 21 ሕፃናት 15ቱ ነጩን መረጡ። ፊልሙን ከባድ የሚያደርገው ግን ቁጥሩ አይደለም። መጥፎ ያለችውን አሻንጉሊት ጥቁር ስለሆነ ነው መጥፎ ያለችው ሕፃን፣ አንቺን የሚመስለው የትኛው ነው ተብላ ስትጠየቅ እያመነታች ጥቁሩን ወደ ፊት ትገፋዋለች። ፍረጃው በትረካ አልተነገረንም፤ ሲሠራ አየነው። አንዲት ተማሪ በጥቂት ገንዘብ ልትሠራው የምትችለው ነገር ይህ ነው።

እርግጥ ነው፣ ይህን ፊልም ያዩ ተማሪዎች ወዲያው እኛም ሙከራ እንሥራ ይላሉ። በተለይ የጄን ኤልዮት ታሪክ ሲነገራቸው ዓይናቸው ይበራል። ኤልዮት በአሜሪካ አዮዋ ግዛት የሦስተኛ ክፍል መምህርት ነበረች፤ ማርቲን ሉተር ኪንግ በተገደለ ማግሥት፣ በሚያዝያ 1968፣ ተማሪዎቿን በዓይናቸው ቀለም ከፍላ አንደኛውን ወገን የበላይ፣ ሌላውን የበታች አደረገች። በአንድ ቀን ውስጥ ጓደኛሞች ተናናቁ፤ የበታች የተባሉትም በትምህርታቸው ደከሙ። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ሄንሪ ታጅፌል ደግሞ በ1970ዎቹ መባቻ በእንግሊዝ ብሪስቶል የ14 እና የ15 ዓመት ልጆችን ትርጉም በሌለው ምክንያት፣ ለምሳሌ የየትኛውን ሠዓሊ ሥዕል ትመርጣላችሁ በሚል፣ ለሁለት ከፍሎ ነጥብ እንዲያከፋፍሉ ሲያደርግ፣ ልጆቹ በደንብ የሚተዋወቁ ሆነው ሳለ ማን ማን እንዳለበት ለማያውቁት «የራሳቸው ወገን» አደሉ። ሁለቱም ታሪኮች ለመለያየት ምን ያህል ትንሽ ነገር እንደሚበቃ ያሳያሉ፤ ለፊልሙ ትረካም ጠቃሚ ናቸው።

ነገር ግን ተማሪ በተማሪ ላይ በድብቅ ካሜራ ሙከራ እንዲያደርግ አልፈቅድም፣ ምክንያቱንም አልሸሽግም። የኤልዮት ትምህርት ራሱ ሕፃናት ላይ ባደረሰው ጭንቀት ምክንያት እስከ ዛሬ ያወዛግባል፤ እርሷ ቢያንስ ልጆቹን በየቀኑ የምታገኝ፣ በማግሥቱ ሚናቸውን የምትለዋውጥና ነገሩን አብራቸው የምታጠቃልል መምህርት ነበረች። ካፌ ውስጥ ሰው ተደብቆ ቀርጾ፣ ሲሳሳት አሳይቶ፣ በይነ መረብ ላይ የሚለጥፍ ግን አንድን ሰው «ዘረኛው» ወይም «ንፉጉ» የሚል ስም አውጥቶለት ሄደ። ያ ደግሞ ሌላ ፍረጃ ነው።

የሚሻለው መንገድ ተማሪዎቹ ከራሳቸው እንዲጀምሩ ማድረግ ይመስለኛል። ከቡድኖቹ አንዱ ማንኛውንም ሰው ከመቅረጹ በፊት እያንዳንዱ አባል ስለዚያ ሰው ያለውን ግምት በስልኩ ካሜራ እየተናገረ እንዲያስቀምጥ ተስማማ። ምን ዓይነት ሙዚቃ ይሰማል? ከትምህርት በኋላ የት ይሄዳል? ጓደኞቹ እነማን ናቸው? እነዚህ አጫጭር ቀረጻዎች በፊልሙ ውስጥ ከእውነተኛው ቃለ መጠይቅ ጎን ገብተዋል። ግምቱ አንዳንዴ ትክክል ይሆናል፤ ያም አልተቆረጠም። መልካም ነው የምለውም ይህንን ነው፤ ምክንያቱም የጅምላ ፍረጃ ችግር ሁልጊዜ ሐሰት መሆኑ ላይ አይደለም። ሙዚቃውን በትክክል የገመተው ልጅ፣ ግምቱ ከተሳካለት በኋላ ሌላ ለመጠየቅ ፍላጎት እንዳልቀረው በካሜራው ፊት ተናግሯል። ፍረጃ ጥያቄን ያስቀራል፤ ከስሕተቱ ይልቅ ይህ ይከብደኛል።

አሁን ወደ ኤዲቲንግ ልምጣ፤ የነገሩ ቋጠሮ ያለው እዚያ ነውና። ሶቪየታዊው ፊልም ሠሪ ሌቭ ኩሌሾቭ ከመቶ ዓመት በፊት የአንድን ተዋናይ ያልተለወጠ ፊት ከሾርባ ሳህን፣ ከሬሳ ሳጥንና ከሌላም ምስል ጋር እያፈራረቀ ሲያሳይ፣ ተመልካቾች ተዋናዩ ረሃብንም ሐዘንንም በብቃት ተጫወተ እንዳሉ ይነገራል። ፊልሙ ዛሬ የለም፤ መርሑን ግን ኤዲቲንግ ሶፍትዌር ከፍቶ የሚያውቅ ሁሉ ያውቀዋል። የአንዲት ልጅ ፈገግታ ስለ ድህነት ከሚናገር ድምፅ ቀጥሎ ከገባ ፌዝ ይሆናል።

ከዚህ ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን መቁረጥ ነው። አንድ ወንድ ተማሪ በጥሬው ቀረጻ ላይ እንዲህ ይላል፦ «ሴቶች ሒሳብ... እ... አይወዱም ይባላል፣ እኔም እንደዚያ ነበር የማስበው፣ ማለቴ... አላውቅም፣ አሁን አጠገቤ የምትቀመጠዋ ታስረዳኛለች።» ኤዲት ታደርግ የነበረችው ተማሪ መጀመሪያ ላይ ያስቀረችው «ሴቶች ሒሳብ አይወዱም» የሚለውን ብቻ ነበር። በድምፅ ሞገዱ ላይ ከ«እ» በፊትና በኋላ ያለው ዝምታ ጠፍጣፋ መስመር ሆኖ ስለሚታይ ለመቁረጥ ያመቻል፤ ሐሳቡም ጥርት ብሎ ይወጣል። ፊልሙ ፈራጅ ያስፈልገው ነበር፣ ፈራጅም አገኘ። ልጁ ግን በዚያ ዐረፍተ ነገር ውስጥ ሐሳቡን እየለወጠ ነበር! ማመንታቱ ተቆርጦ ሲወጣ የቀረው ልጅ በእውነቱ የሌለ ሰው ነው። ዐረፍተ ነገሩ ከነመንተባተቡ እንዲመለስ ተወሰነ፤ ዘጠኝ ሰከንድ ያህል ይፈጃል፣ ከፊልሙም ሰዎች በብዛት የሚያነሡት ይህንኑ ነው።

እዚህ ላይ ስለ ሳይንሳዊ ጥናት አጠቃቀም ጥቂት ልበል። ተማሪዎች በትረካቸው ውስጥ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ክላውድ ስቲል እና ጆሽዋ አሮንሰን በ1995 ያሳተሙትን ጥናት መጥቀስ ይወዳሉ፤ ጥናቱ ስለ ቡድናቸው ያለው መጥፎ ግምት ትዝ እንዲላቸው የተደረጉ ተማሪዎች በፈተና ዝቅ ያለ ውጤት እንዳመጡ ያሳየ ነው። ሐሳቡ ኃይለኛ ነው፤ ብዙዎች ከራሳቸው ሕይወት ያውቁታል። ሆኖም ከዚያ በኋላ የተደረጉት ድግግሞሾች የተለያየ ውጤት ስላሳዩ፣ «ሳይንስ አረጋግጧል» ከማለት «አንድ ታዋቂ ጥናት እንዲህ አሳይቷል፣ ክርክሩም ቀጥሏል» ማለት ይገባል። ስለ ጅምላ ድምዳሜ የሚናገር ፊልም በጅምላ ሊደመድም አይገባውም።

ፈቃድ መጠየቅን በተመለከተ ብዙዎች ወረቀት ማስፈረም በቂ ይመስላቸዋል። እ.ኤ.አ. የ1989ኙ የሕፃናት መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 12 ልጅ በሚመለከተው ጉዳይ ሐሳቡን የመግለጽ መብት እንዳለው፣ በአንቀጽ 16 ደግሞ ግላዊ ሕይወቱና ክብሩ እንደሚጠበቅለት ይደነግጋል። በ15 ዓመቱ ስለ ራሱ የተናገረ ልጅ በ20 ዓመቱ ያ ቪዲዮ ሲከተለው ምን እንደሚል ማንም አስቀድሞ አያውቅም። ስለዚህ የተቀረጸ ሁሉ ፊልሙ ለሰው ከመታየቱ በፊት የራሱን ክፍል እንዲያይና ካልተስማማው እንዲያስወጣ ማድረግን እንደ ግዴታ ይዘነዋል። ፈረንሳውያኑ ዣን ሩሽ እና ኤድጋር ሞራን በ1960 በፓሪስ በቀረጹት «የአንድ በጋ ዜና መዋዕል» በተሰኘው ፊልም ከዚህ ርቀው ሄደዋል፤ ተሳታፊዎቹን ሰብስበው ቀረጻውን አሳዩአቸው፣ የሰጡትንም ነቀፌታ ቀርጸው የፊልሙ አካል አደረጉት። የእኔ ተማሪዎችም ይህን ሲሰሙ ተሳታፊዎቹን ጋበዙ። በማሳያው ላይ ከተነሡት አስተያየቶች አንዱ የሙዚቃው ነበር፤ አንዲት ተሳታፊ እርሷ ስትናገር ብቻ የሚያሳዝን ፒያኖ ለምን እንደገባ ጠየቀች። እርሷ አላዘነችም ነበር። ፒያኖው ወጣ።

ፊልሙ ለትምህርት ቤቱ ማኅበረሰብ ሲቀርብ ውይይቱ ከፊልሙ ርዝመት በላይ ቆየ። ተመልካቾቹ የሣቁበትና ዝም ያሉበት ቦታ እኛ ከጠበቅነው ይለያል፤ የስልክ ግምቶቹ ሲታዩ በተለይ ብዙ ሣቅ ነበር፣ ሣቁም የሌላውን ሳይሆን የራስን ነገር የማወቅ ሣቅ ይመስለኛል። ከኋላ ወንበር የተነሣ አንድ ተማሪ ግን ቡድኑን ያላሰበበት ቦታ ወሰደው፤ እናንተ ያሳያችሁት ተማሪ ተማሪን ሲገምት ነው፣ መምህራንስ በመጀመሪያው ሳምንት ስለ እኛ የሚይዙት ግምት ለምን አልተጠየቀም አለ። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ሮበርት ሮዘንታል እና የትምህርት ቤት ርእሰ መምህርቷ ሌኖር ጃኮብሰን በ1968 ያሳተሙት ጥናት ወዲያው ትዝ አለኝ፤ በዕጣ የተመረጡ ልጆችን በቅርቡ ብልጭ ይላሉ ብለው ለመምህራን ከነገሩ በኋላ፣ በታችኞቹ ክፍሎች የነበሩት ከሌሎቹ የበለጠ መሻሻል ማሳየታቸውን የዘገቡበት ነው፤ ውጤቱ ምን ያህል ትልቅ እንደሆነ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ቢያከራክርም ጥያቄው አልተረሳም።

ቡድኑ ሁለተኛ ፊልሙን በዚሁ ላይ ጀምሯል። ሐሳባቸው መምህራን አዲስ ክፍል ገብተው በወጡበት ዕለት ስለ ጥቂት ተማሪዎች ያላቸውን ግምት በካሜራ እንዲናገሩ፣ ዓመቱ ሲያልቅም ያንኑ ቀረጻ ከተማሪዎቹ ጋር ቁጭ ብለው እንዲያዩ ነው፤ ተማሪዎቹ ካልተስማሙ ግን አንዱም ቀረጻ አይወጣም። እስካሁን ሁለት መምህራን እሺ ብለዋል። የመጀመሪያው ተጠያቂ እኔ እንድሆን ተጠይቄ ተስማምቻለሁ፤ ጥያቄዎቹን አስቀድመው እንዳያሳዩኝም ነግሬአቸዋለሁ።